ካሜራና ላፕቶፕ አብሮ የሚይዝ፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ አንድ የትከሻ ቦርሳ፦ የትኛውን ዓይነት ልምረጥ?

መንገደኛው ፎቶ አንሺ

ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ጉዳይ በየወሩ ማለት ይቻላል በአውሮፕላን እጓዛለሁ፤ እስካሁን ካሜራዬን በአንድ ቦርሳ፣ ላፕቶፔን በሌላ ይዤ ነበር የምንቀሳቀሰው። ነገር ግን ከአንድ ቦርሳ በላይ ወደ መንገደኞች ክፍል ማስገባት የማይፈቅዱ በረራዎች እየበዙብኝ ስለሄዱ፣ ባለፈው ጉዞዬም መሳፈሪያው በር ላይ ቆሜ ላፕቶፑን ከካሜራው ቦርሳ ውስጥ በግድ ለመክተት ስታገል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ስለተመለከተኝ፣ ሁለቱን በሥርዓት የሚይዝ አንድ የትከሻ ቦርሳ ለመግዛት ወስኛለሁ።

የምይዘው ዕቃ ይህ ነው፦ አንድ ካኖን አር6 ማርክ 2 ካሜራ፣ የ24-70 ኤፍ 2.8 እና የ70-200 ኤፍ 2.8 አርኤፍ ዙም ሌንሶች (ኤፍ የሚለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፣ አንድ ትንሽ የ35 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከነቻርጀሩ፣ ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ እርሱም ከነቻርጀሩ፣ በተጨማሪም ፎቶ የማስቀምጥበት አንድ ኤስኤስዲና ጥቂት ገመዶች። ትራይፖዱ ከልብስ ሻንጣዬ ጋር ስለሚጫን አይቆጠርም።

የጀርባ ቦርሳ ለምን አትይዝም የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር። ሥራዬ በአብዛኛው ስብሰባና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ሰው መካከል ቆሜ ሌንስ መቀየር ይኖርብኛል፤ በተቀየረ ቁጥር ቦርሳ ከጀርባ እያወረዱ መሬት ላይ መዘርጋት አይሆንም፤ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥም ከኋላዬ ያለው ዕቃ አይታየኝም።

አጥብቄ ማወቅ የምፈልገው የቦርሳው ልክ ስንት ቢሆን እንደሚበጅ ነው። ላፕቶፑ ከሌንሶች ጎን ሲቀመጥ ስክሪኑ ይጎዳ ይሆን የሚለውም ያሳስበኛል። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ማንገቻውና ስለ አከፋፈቱ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ለመልኩ ግን ብዙም ግድ የለኝም።

ሚዛን

እንደምን ዋሉ። ከቦርሳው በፊት ዕቃውን መመዘን ይቅደም ባይ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «ይበቃል ወይ?» ብሎ ስፋቱን ሲጠይቅ ክብደቱን የሚያስታውሰው ትከሻው ነውና። እርስዎ የዘረዘሩትን ዕቃ አምራቾቹ ከሚያወጡት መግለጫ ተነሥቼ ደመርኩት። ካሜራው ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 670 ግራም ነው፤ 24-70ው 900 ግራም፣ 70-200ው የትራይፖድ ማያያዣ ቀለበቱ ሳይቆጠር 1,070 ግራም፣ 35ቱ ደግሞ 305 ግራም ነው። ላፕቶፑ ሳይገባ ገና 2,945 ግራም ደርሰናል ማለት ነው። ላፕቶፑን 1.6 ኪሎ ግራም እንበል። ፍላሹ ከነባትሪው ወደ 400 ግራም፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ከነገመዱ ወደ 300 ግራም፣ ትርፍ ባትሪዎቹ፣ የባትሪው ቻርጀር፣ ኤስኤስዲውና የቀረው ተደምሮ ወደ 550 ግራም ቢሆን ጠቅላላው 5.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በግምት ያስቀመጥኳቸው ስለሆነ እርስዎ በወጥ ቤት ሚዛን ቢያረጋግጧቸው ይሻላል።

እንግዲህ ይህን ከአየር መንገዶቹ ወሰን ጋር ያስተያዩት። ኤምሬትስ በኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ግራም ነው፤ ሉፍታንሳ 8 ኪሎ ግራም ይፈቅዳል፤ የአሜሪካዎቹ ትልልቅ አየር መንገዶች ደግሞ 56 በ36 በ23 ሴንቲ ሜትር የሚለውን መጠን እንጂ ክብደቱን እምብዛም አይቆጣጠሩም። እርስዎ በየወሩ የሚጓዙ እንደመሆንዎ በጠባቡ ወሰን ማሰብ ይኖርብዎታል፤ ያም 7 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለቦርሳው ለራሱ የሚቀረው 1.2 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ወፍራም ስፖንጅ የተነባበረባቸው፣ ኪሳቸው የበዛ፣ ላፕቶፕም የሚይዙ የካሜራ ቦርሳዎች ባዶአቸውን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም መመዘናቸው የተለመደ ነው። በሱቅ ውስጥ ባዶውን ሲያነሡት «ቀላል ነው» የሚያሰኘው ቦርሳ ሲሞላ ከወሰኑ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ልኩ ደግሞ፣ ባለ 14 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ወርዱ 31.3፣ ቁመቱ 22.1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሳይታገሉ እንዲገባና እንዲወጣ የኪሱ ውስጣዊ ወርድ 33 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በማስታወቂያ ላይ «ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ይይዛል» የሚለው ቃል አያታልልዎት፤ ያ ቁጥር የስክሪኑን ሰያፍ ልክ እንጂ የላፕቶፑን አካል አይነግርም፤ ባለ 15.6 ኢንች የሚባሉ ብዙ ላፕቶፖች ወርዳቸው 36 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከካሜራው ወገን ልኩን የሚወስነው 70-200ው ነው። ይህ ሌንስ ሲሰበሰብ ርዝመቱ 14.6፣ ውፍረቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከነክዳኖቹ ቆሞ እንዲቀመጥ የቦርሳው ውስጣዊ ከፍታ ቢያንስ 17 ሴንቲ ሜትር፣ የፀሐይ መከላከያው ተገልብጦ ሲገጠም የሚጨምረውን ውፍረት ቆጥረን ደግሞ ውስጣዊ ጥልቀቱ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከውጭ ሲለካ 38 በ28 በ18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቦርሳ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ከወንበር ሥር ለሚገባ ቦርሳ ከሚፈቀዱት ልኮችም፣ ለምሳሌ ከኢዚጄት 45 በ36 በ20፣ ሳይወጣ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። አምራቾች የሚጽፉት ልክ ኪሶቹ ባዶ ሆነው የተለካ ነው። ከፊት ያለው ኪስ ቻርጀርና ፍላሽ ሲገባበት ቦርሳው አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር ይነፋል፤ በአየር ማረፊያ የቦርሳን ልክ የሚፈትሹበት የብረት ሳጥን ደግሞ የመግለጫ ወረቀት አያነብም።

አሮጌ ሸራ

«ሚዛን» በተናገሩት ቁጥር ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ከኖርኩባቸው ዓመታት የተማርኩትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጂም ዶምኬ የተባለው የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በዘመኑ የነበሩት ሳጥን መሰል ቦርሳዎች ስላስመረሩት ኤፍ-2 የሚባለውን የሸራ ቦርሳ ለራሱ ሥራ ሠራ። የዚያ ቦርሳ ብልሃት ስፖንጁ ጥቂት መሆኑ ነው፤ በመሆኑም ይቀላል፣ የወገብን ቅርጽ ይዞ ይተኛል፣ ከላይ ሰፊ ሆኖ ስለሚከፈት እጅ ሳይቸገር ይገባል። ማንገቻውም ከጎን በቀለበት ተንጠልጥሎ የቀረ አይደለም፤ ቦርሳውን ከሥር አቅፎ የተሰፋ ነው። ያን ጊዜ በላፕቶፕ የሚጓዝ ፎቶግራፍ አንሺ ስላልነበረ ለላፕቶፕ ቦታ አልተወለትም፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ለእርስዎ ጥያቄ ይሠራል። ቀላል የሸራ ወይም የናይለን ቦርሳ መርጠው፣ ለካሜራው ብቻ የሚወጣና የሚገባ የስፖንጅ መከፋፈያ ቢጨምሩበት፣ ስፖንጁ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል። ማታ ማረፊያዎ ሲደርሱ መከፋፈያውን እንዳለ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቦርሳው ተራ ቦርሳ ይሆናል።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዋጋ ከፍያለሁና። የቀድሞ ቦርሳዬ የላፕቶፕ ኪስ ወደ ሰውነት በሚዞረው ገጽ በኩል ነበር፤ ቦታው ትክክል ነው፤ ከባዱና ጠፍጣፋው ዕቃ ወደ ሰውነት ሲጠጋ ቦርሳው ወደ ውጭ አይጎትትም። ስሕተቱ የኪሱ ጫፍ እስከ ቦርሳው ወለል ድረስ መውረዱ ነበር። አንድ ቀን በረራዬ ዘግይቶ ደክሞኝ ስለነበር ቦርሳውን እንደወትሮው ቀስ ብዬ ሳይሆን ለቀቅ አድርጌ እምነ በረድ ወለል ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። የላፕቶፑ ማዕዘን ተጣመመ፤ ክዳኑም ከዚያ ወዲህ እኩል አይገጥምም። የካሜራው ክፍል ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ከሥሩ ሲኖረው ላፕቶፑ ያረፈው በአንድ ንጣፍ ጨርቅ ላይ ብቻ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቦርሳ ሲገዙ እጅዎን ወደ ላፕቶፑ ኪስ እስከ ታች ይስደዱና ጣትዎ የቦርሳውን ወለል ይነካ እንደሆነ ይመልከቱ። የሚነካ ከሆነ ይተዉት፤ ወይም ከሥሩ ጠንካራ ስፖንጅ ቆርጠው ያስገቡበት።

ስክሪኑን በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የሚጎዳው በመላተም ብቻ አይደለም፤ ቦርሳው ከሌላ ሻንጣ ጋር ተጨናንቆ ሲቀመጥ የሌንስ ክዳን ወይም የቻርጀር ማዕዘን በአንድ ነጥብ ላይ ለሰዓታት ስለሚጫነውም ነው። እኔ ላፕቶፑን ስከት ክዳኑን ወደ ሰውነቴ፣ ታችኛውን የብረት ገጽ ወደ ሌንሶቹ አዞራለሁ። ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ኪስ ፈጽሞ አላደርገውም። በኪሱና በካሜራው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳም ሲጫኑት የማይታጠፍ መሆን አለበት፤ ቦርሳው ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ይህ አንድ ግድግዳ ብቻ ቢጠነክር የምመርጠው እርሱን ነው።

ስለ አከፋፈት አጭር ነገር ልበል። ክዳኑ ወደ ፊት፣ ማለትም ከሰውነት ወደ ውጭ የሚከፈት ቦርሳ ሌንስ ሲቀይሩ ክዳኑ ሆድዎ ላይ አይደገፍም፤ ነገር ግን በግርግር ውስጥ መዝጋት ይረሳል። እጀታው በክዳኑ ላይ የተሰፋ ቦርሳ ነበረኝ፤ ክዳኑን ሳልቆልፍ በእጀታው ብድግ ሳደርገው ቦርሳው ተገልብጦ ሌንሱ ተንከባለለ። እጀታው በቦርሳው አካል ላይ ይሁን። ቬልክሮ ደግሞ ንግግር በሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ የሚያሰማውን ድምፅ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ ድምፁን ለማጥፋት ቬልክሮውን ሸፍኖ የሚታጠፍ ጨርቅ ያላቸው ቦርሳዎች አሉ።

አንድ ትከሻ ብቻ አለኝ

ጠያቂው አስቀድመው ቢያስጠነቅቁንም እኔ ከመናገር አልቆጠብም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። 7 ኪሎ ግራም በአንድ ትከሻ መሸከም ለአሥር ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ለስድስት ሰዓት ግን ሌላ ነገር ነው። ቦርሳው በአንድ ወገን ሲንጠለጠል ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ ማንገቻው እንዳይንሸራተት ደግሞ ሳናውቀው ትከሻችንን ከፍ አድርገን እንይዛለን፤ አንገትን የሚያሳምመው ይህ ነው። እኔ ለዓመታት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «በየትኛው ትከሻ ነው የምትሸከመው?» የሚል ነበር። አሁን በጀርባ ቦርሳ እጓዛለሁ፤ ሥራ ቦታ ስደርስ ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ የሌንስ ኪስ አውጥቼ እጠቀማለሁ። አንዱ ቦርሳ ለጉዞ፣ ሌላው ለሥራ ቢሆን ምን ችግር አለው?

መንገደኛው ፎቶ አንሺ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአንገት ነገር የተነሣው በከንቱ አይደለም፤ እኔም የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ብሎ በፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ነገር ግን የጀርባ ቦርሳና የወገብ ኪስ አብረው ሲያዙ ዕቃው ወደ ሁለት ስለሚመለስ ወደ ተነሣሁበት ችግር ይወስደኛል። ደግሞም ሥራ ላይ ስሆን ላፕቶፑ ስለማይኖር ክብደቱ ያን ያህል አይሆንም፤ ሙሉውን የምሸከመው በአየር ማረፊያው ውስጥ ብቻ ነው።

ለዚህም በባለ ጎማ ሻንጣ እጀታ ላይ የሚሰካ ማጥለቂያ ከኋላው ያለው ቦርሳ ይጠቅማል ብዬ አስቤ ነበር፤ ሆኖም የልብስ ሻንጣዬን ለጭነት ካስረከብኩ በኋላ የምሰካበት ነገር አይኖረኝም። ረጅሙ የእግር መንገድ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለ ማንገቻ የምትሉኝ ይኖር ይሆን?

አሮጌ ሸራ

ማጥለቂያውን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ ለእርስዎ አይጠቅምም። ይባስ ብሎ ማጥለቂያው ያለበት ገጽ ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ገጽ ስለሆነ የሻንጣው እጀታ ብረቶች ኪሱን ሲገፉት አይቻለሁ።

ማንገቻው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ለስላሳ ጨርቅ ከሆነ በሰፊው ይተኛል፤ ትከሻው ላይ የሚያርፈው ንጣፍ የማይንሸራተት ጎማ ቢኖረው ትከሻዎን ከፍ አድርገው መያዝ አያስፈልግዎትም። በአየር ማረፊያው ውስጥ ሲሄዱ ማንገቻውን በአንገት አሻግረው ደረትዎ ላይ በሰያፍ ያሳልፉት፣ ቦርሳውን ወደ ወገብዎ ጀርባ ይሳቡት፣ አጠር አድርገውም ይሰሩት፤ ዳሌ ላይ ሲያርፍ ከክብደቱ ከፊሉን ዳሌው ይሸከመዋል። ዝቅ ብሎ ጭን ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ይጎትትዎታል። ሥራ ላይ ሲሆኑ አርዝመው በአንድ ትከሻ ይይዙታል። ይህ ማለት ማንገቻው ርዝመቱን በአንድ እጅ መቀየር የሚቻል መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ይህ ነው። የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱ ከብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ የሆነው ሲሰበር ቀድሞ አይነግርም።

ሌላው ምሥጢር ጥልቀቱ ነው። ሁለት ቦርሳዎች እኩል ክብደት ኖሯቸው አንዱ 25፣ ሌላው 16 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ወፍራሙ ክብደቱን ከሰውነት ስለሚያርቅ የከበደ ሆኖ ይሰማል። ሌንሶቹን በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ረዘም ብሎ ቀጠን ያለ ቦርሳ ይፈልጉ።

በሩ ላይ የቀረ

በዚህ ውይይት ውስጥ እስካሁን ያልተነሣ ጉዳይ አለ። ቦርሳው ልኩም ክብደቱም ትክክል ሆኖ እያለ አውሮፕላኑ ስለሞላ ብቻ በመሳፈሪያው በር ላይ ተወስዶ ወደ ጭነት ሊሄድ ይችላል። በእኔ ላይ ደርሷል፤ አነስተኛ አውሮፕላን ነበር፤ ከራስ በላይ ያለው ማስቀመጫ ጠባብ ስለሆነ የአብዛኛውን ሰው ቦርሳ ሰበሰቡት። ያኔ ከኋላዬ ሰው እየገፋኝ ባትሪ ከየኪሱ ስለቅም ነበር፤ አንዱን ረስቼው ከመቀመጫዬ ጠርተው አስወጥተውኛል።

ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል መሄድ የተከለከለ ነው፤ በካሜራው ውስጥ የገባው ሳይሆን ለብቻው የተያዘው ማለቴ ነው። ፓወር ባንክም እንደ ትርፍ ባትሪ ይቆጠራል። እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ድረስ ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ በመንገደኞች ክፍል ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ዓይነቱ ትርፍ ሁለት ብቻ ነው የሚፈቀደው። የእርስዎ የካሜራ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 16 ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆኑ፣ የላፕቶፑም 70 ገደማ ስለሆነ በዚህ በኩል ስጋት የለብዎትም። ፓወር ባንክ ቢጨምሩ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለውን በ3.7 ቮልት ሲያበዙት 74 ዋት ሰዓት ነው የሚሆነው፤ ይፈቀዳል። የባትሪዎቹ የብረት ጫፎች ግን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ በክዳናቸው ወይም በየራሳቸው ከረጢት ይሁኑ።

ለቦርሳ ምርጫ ይህ ምን ማለት ነው? ትርፍ ባትሪዎቹ፣ ሜሞሪ ካርዶቹና ኤስኤስዲው በአንድ ትንሽ ዚፕ ያለው ከረጢት ውስጥ ሆነው፣ ከረጢቱ ከላይ በሚገኝ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሩ ላይ «ቦርሳዎን ይስጡን» ሲባሉ በአንድ እጅ ከረጢቱን፣ በሌላው ላፕቶፑን መዘዝ አድርገው የቀረውን ማስረከብ ይችላሉ። ካሜራውንም አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ለዚህ ሲባል የላፕቶፑ ኪስ የራሱ ዚፕ ያለውና የካሜራው ክዳን ሳይከፈት የሚከፈት መሆን አለበት። በፍተሻ ላይም ቢሆን ላፕቶፕ አውጥቶ ማሳየት የሚጠየቅባቸው ቦታዎች ገና ብዙ ናቸው፤ ክዳኑን ከፍቶ ሌንሶችን ለሰው ሁሉ እያሳዩ ላፕቶፕ መፈለግ አይገባም።

ለጨርቁ የምሰጠው አስተያየት አጭር ነው፤ በሰም የተቀባ ሸራ ዝናብ ይችላል ግን ይከብዳል፤ ናይለን ይቀላል ግን ሸካራው ዓይነት የልብስን ጎን ይበላል። እርስዎ በክት ልብስ ስለሚሠሩ ወደ ሰውነት የሚዞረውን ገጽ በእጅዎ ዳሰው ይግዙ።

ሚዛን

«በሩ ላይ የቀረ» ስለ ባትሪ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ወደ ክብደቱ ልመለስና አንድ ነገር ጠያቂውን በድፍረት ልጠይቅ፦ በምረቃና በስብሰባ ሥራ 70-200ው ኤፍ 2.8 መሆኑ ምን ያህል ያስፈልግዎታል? የዚሁ ሌንስ ኤፍ 4 የሆነው 695 ግራም ብቻ ሲሆን ሲሰበሰብ ርዝመቱ 11.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከክብደቱ 375 ግራም፣ ከቁመቱም 2.7 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። የሚገባው ብርሃን በግማሽ ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካሜራዎ ከፍ ባለ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) የሚያወጣው ምስል ይህን ለመሸከም የሚችል ነው፤ መድረኩም አብዛኛውን ጊዜ መብራት አለው። ከሁሉ በላይ ቁመቱ ሲያጥር የቦርሳው ከፍታ ከ17 ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ስለሚችል፣ ከሌንሱ በላይ ለፍላሽና ለገመድ የሚሆን ቦታ ይተርፋል፤ ትልቁ ቦርሳ ሳያስፈልግዎት ይቀራል። ሰው ቦርሳ ሲያሳድግ ዕቃውንም ስለሚያሳድግ፣ እኔ በተቃራኒው ከዕቃው ብጀምር እመርጣለሁ።

ፍላሹ በተራ የኤኤ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ በፎጣ ተጠቅልሎ ከትራይፖዱ ጋር ቢሄድስ? ሻንጣው ቢጠፋ እንኳ ያለ ፍላሽ ሥራው ይሠራል፤ ያለ ሌንስ ግን አይሠራም።

አንድ ትከሻ ብቻ አለኝ

በዚህ መንገድ ወደ 6 ኪሎ የሚወርድ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ትከሻ ግን ይቀያይሩ።

መንገደኛው ፎቶ አንሺ

ሦስት ሳምንት ቆይቼ የተመለስኩት ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው። ከመግዛቴ በፊት ሙከራ አደረግሁ፤ አሮጌውን የካሜራ ቦርሳዬን በመጻሕፍት ሞልቼ በሚዛን 7 ኪሎ ግራም አድርጌ ለአንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ፤ በማግስቱ ደግሞ 6 ኪሎ አድርጌ ያንኑ መንገድ ደገምኩት። አንድ ኪሎ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። በመጀመሪያው ቀን በአርባ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ትከሻ ቀይሬአለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ።

70-200ውን ለጊዜው ለመሸጥ አልጨከንኩም፤ ኤፍ 4 የሆነውን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተውሼ አንድ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ሠራሁበት። የመድረኩ ፎቶዎች ምንም አልጎደላቸውም፤ ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት ቤተሰቦች ላይ ግን አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፤ ጥራቱ ለሚፈለገው ሥራ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፍላሹም እንደተመከርኩት በልብስ ሻንጣው ሄዷል።

የገዛሁት ቦርሳ ከናይለን የተሠራ፣ በቤቴ ሚዛን 1.1 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከውጭ 37 በ27 በ16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። የላፕቶፑ ኪስ የራሱ ዚፕ አለው፤ ጣቴን እስከ ታች ሰድጄ ወለሉን እንደማይነካ አረጋግጫለሁ፤ ሻጩ ምን እንደምፈልግ ግራ ገብቶት ሲያየኝ ነበር። ሞልቼ ስመዝነው 6.1 ኪሎ ግራም ሆነ፤ በመጀመሪያው በረራዬ ከወንበር ሥር ገብቷል። ያላማረኝ ነገር ቢኖር መከፋፈያዎቹ ቀጫጭን መሆናቸው ነው፤ በሁለቱ ዙም ሌንሶች መካከል የታጠፈ የአንገት ልብስ አስገብቻለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፦ 35ቱ ሌንስ ከካሜራው በላይ ሲቀመጥ ክዳኑ በደንብ አይዘጋም፤ ከታች ደግሞ ቦታ የለም። የት ላድርገው?

አሮጌ ሸራ

እንኳን ደስ ያለዎት። ካሜራውን ሲከቱ 35ቱ ከላዩ ተገጥሞ ይሁን፤ ትልቁ 24-70 ከካሜራው ተነቅሎ በራሱ ክፍል ይቁም። አጭር ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ወደ ታች ዞሮ ሲቀመጥ ከታች የሚጠይቀው ከፍታ ትንሽ ነው፤ ክዳኑም ይዘጋል። አውሮፕላን ውስጥ በመስኮት በኩል የሚታይ ነገር ቢኖርም የሚያነሡበት ሌንስ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅዎታል።